ቁጥሩ የተፋቀ ሕግ
የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪሟ መልስ

ለዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንዱ ባሕር ዳር ካለው ከሽምብጥ ሰፈር፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ፣ አንዱ ከዘጌ ነው የተጻፈው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚጠይቁት ግን ስለ አንድ ነገር ነው፤ ውሻን ለሽያጭ ስለማራባት። የመጀመሪያው ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ ስለሚሄድ መልሱ ረዝሟል፤ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሽምብጥ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ ሚዙሪ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ከተማ ትኖራለች። ለጥምቀት መጥታ ሳለ ለልጆቿ ከመደብር ስለገዛችው ቡችላ አጫወተችን። ቡችላዋ ቤት በገባች በሳምንቷ ታመመች፤ ሐኪሙም እንዲህ ያለው በሽታ በብዛት ከሚያራቡ ቦታዎች በሚመጡ ቡችሎች ላይ እንደሚበዛ ነገራት። እህቴ ነገሩን ስትከታተል አንድ ያልጠበቀችውን አገኘች፤ የግዛቲቱ ሕዝብ እነዚህን ማራቢያዎች የሚገታ ሕግ በድምፁ አጽድቆ ነበር፤ የምክር ቤት አባላቱ ግን ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ለወጡት። እኔ ለተማሪዎቼ የመራጩ ድምፅ የመጨረሻው ቃል ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። እውነት እንዲህ ሆኗል? እንዴትስ ተቻለ? በመምህራን ክፍል ውስጥ ይህን ባነሳ «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ!» ብለው ዝም አሰኙኝ። ለእነሱስ ምን ልመልስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትዎ የነገረችዎት እውነት ነው። ከሥሩ ልጀምር።

እዚያ አገር ውሻ በብዛት ለገበያ የሚራባበትን ቦታ ተቃዋሚዎቹ «የቡችላ ፋብሪካ» ይሉታል። ሴቷ ውሻ በሽቦ ቤት ትቀመጣለች። በየስድስት ሰባት ወሩ ድራት፣ ማለት ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ፣ በመጣባት ቁጥር ትጠቃለች፤ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው በመኪና ተጭነው ወደ መደብር ይሄዳሉ። እሷ እዚያው ትቀራለች፤ ደግሞ ድራቷ ይመጣል። ገዢ የሚያየው የታጠበውን፣ የተበጠረውን ቡችላ ብቻ ነው። የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እናቲቱን ገዢ ስለማያያት እሷ የምትኖርበት ሁኔታ በቡችላው ዋጋ ላይ አይታይም። ገበያው በራሱ ሊያርመው የማይችለውም ለዚህ ነው፤ ሕግ ካልገባበት በቀር።

ሚዙሪ ደግሞ በዚያን ጊዜ ፈቃድ ያላቸው የውሻ አራቢዎች ከሌላው ክፍለ ግዛት ሁሉ የበዙባት ነበረች። ስለዚህ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2010 መራጮች «ፕሮፖዚሽን ቢ» የተባለውን ሕግ በ51.6 በመቶ ድምፅ አጸደቁት። ሙሉ ስሙ የቡችላ ፋብሪካ ጭካኔ መከላከያ ሕግ ነበር። የሚመለከተው ከ10 በላይ የሚወልዱ ሴት ውሾች ያሉትን አራቢ ነው። አንድ አራቢ ለማራቢያ ከ50 በላይ ውሻ እንዳይዝ ይከለክላል። አንዲት ሴት በ18 ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳትወልድ ይላል። ወለሉ ሽቦ እንዳይሆን፣ ቤቶቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይነባበሩ፣ ውሻዋ ባሻት ጊዜ ወደ ውጭ እንድትወጣ፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሐኪም እንዲመረምራት ያዛል። ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር።

ዓመቱ ሳይሞላ ምክር ቤቱ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2011፣ ሕዝቡ ድምፅ ከሰጠ ስድስት ወር እንኳ ሳይደፍን፣ አገረ ገዥው ጄይ ኒክሰን የማሻሻያውን ስምምነት ፈረሙ። 50 የሚለው ጣሪያ ወጣ። በ18 ወር ሁለት ጊዜ የሚለውም ወጣ። የሽቦው ወለል በነባር ማራቢያዎች እስከ 2016 ዕድሜ ተሰጠው። በፍትሕ ለመናገር የሐኪሙ ምርመራ አልተሰረዘም፤ የቦታውም ስፋት በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። እኔን ያሳዘነኝ ግን በስሙ ላይ የሆነው ነው። «የቡችላ ፋብሪካ» የሚለው ቃል ከርዕሱ ተነሣ፤ «ጭካኔ መከላከያ» የሚለው እንዳለ ተቀመጠ። የእኛ ደብተራዎች በብራና ላይ የማይፈልጉትን ቃል በቢላ ፍቀው በቦታው ሌላ ይጽፉ የለ? ብራናው ያው ብራና ነው፤ ሐረጉም ያው ነው፤ ከሩቅ ያየ ሰው መጽሐፉ እንዳልተነካ ያስባል። ሕግም ሲዳከም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ማንም ቆሞ «ጭካኔ ይፈቀድ» አይልም። ቁጥሩ ነው የሚፋቀው።

ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? «በቂ ዕረፍት ይሰጣት» የሚል ሕግ ይዞ ወደ ማራቢያ የሚገባ ተቆጣጣሪ ከባለቤቱ ጋር ስለ «በቂ» ሲከራከር ይውላል። «በ18 ወር ሁለት» የሚል ሕግ ይዞ የሚገባ ግን ደብተር ከፍቶ ይቆጥራል፤ ክርክር የለም። ለዚህም ነው ሕግን ማላላት የሚፈልግ ሰው ከቅጽሉ ጋር የማይጣላው።

እንዴት ተቻለ ላሉት፣ ይህ ለክፍልዎ የሚጠቅም ይመስለኛል። የሚዙሪ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በቀጥታ ያጸደቀውን ተራ ሕግ ምክር ቤቱ እንደማንኛውም ሕግ በአብላጫ ድምፅ እንዳይቀይረው አይከለክልም። ካሊፎርኒያ ግን እንዲህ አይደለም፤ እዚያ ሕዝብ ያጸደቀውን ሕግ፣ ሕጉ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ምክር ቤቱ ያለ መራጩ ይሁንታ ሊነካው አይችልም። አንድ አገር፣ ሁለት ክፍለ ግዛት፣ የድምፁ ዕድሜ ግን የተለያየ ነው። ለተማሪዎችዎ የሕዝብ ድምፅ የመጨረሻው ቃል ነው ከማለት ይልቅ፣ ያን ቃል ማን ሊሽረው እንደሚችል አብረው እንዲጠይቁ ቢያስተምሯቸው መልካም ነው።

የተቃወሙትም ሰይጣኖች አይደሉም። ድጋፉ በአብዛኛው ከሴንት ሉዊስና ከካንሳስ ሲቲ አካባቢ መጣ፤ ገጠሩ ተቃወመ። የገበሬ ድርጅቶች ፍርሃት «ዛሬ ውሻ፣ ነገ ላምና አሳማ» የሚል ነበር። እኔ ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ያደግሁ የአርሶ አደር ልጅ ነኝ፤ ከተሜ ተነሥቶ ስለ በሬዬ ሕግ ያወጣብኛል የሚለውን ስጋት በአባቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ፤ አላቃልለውም። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚናገረው ለቤት ተብለው ስለሚሸጡ ውሾች ነበር፤ ስለ ላም አንድም ቃል የለበትም። ያ ፍርሃት ግን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2014 እዚያው ሚዙሪ ውስጥ የማረስና የማርባት መብት በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ ድምፅ ተሰጠ፤ በ50.1 በመቶ፣ በፀጉር ስንጥቅ ልዩነት አለፈ።

«የፌዴራሉ ሕግስ?» ይሉ ይሆናል። አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ሕዝቡን ያነሣሣውም ከፔንሲልቬኒያ ከባለቤቶቿ ቤት ጠፍታ ኒው ዮርክ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሞተች ፔፐር የምትባል ዳልሜሽን ውሻ ታሪክ ነበር። ነገር ግን ደንቡ ለአንዲት ውሻ የሚጠይቀው የቤት ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የራሴን ውሻ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካኋት። ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጭራዋ ሥር 75 ሳንቲ ሜትር ናት። ደንቡ በዚህ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ጨምር ይላል፤ 90 በ90 ይሆናል። ከራሷ በላይ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት። አበቃ። አራት እንጀራ ሁለት በሁለት ቢዘረጋ ከዚያ ይሰፋል። ሽቦው በፕላስቲክ ከተለበጠ ወይም ወፈር ካለ ወለል መሆን ይችላል። ብቻዋን የምትቀመጥ ውሻ ቤቷ በእጥፍ ከሰፋ ወደ ውጭ ወጥታ እንድትንቀሳቀስ የማድረግ ግዴታ የለም። ስንት ጊዜ ትውለድ የሚል ገደብ የለም። ስለዚህ ሕግ አክባሪ ሆኖ ይህን ሁሉ ማድረግ ይቻላል። ክፍለ ግዛቶች ከዚያ በላይ እንዲሄዱ የሚደረገው ትግልም ከዚህ የመጣ ነው።

የፋቁት ደግሞ ቁጥርን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2017 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎች በየማራቢያው ያዩትን የሚመዘግቡባቸውን ሪፖርቶች ከድረ ገጹ አነሣ። የግል ሚስጥር ለመጠበቅ ነው ተባለ። አንድም አንቀጽ አልተሻረም፤ ሆኖም ጥሰት ከተገኘበት አራቢ መደብር እንዳይገዛ የሚከለክሉ የአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሕጎች በዚያው ቀን ዓይናቸው ጠፋ፤ ጥሰቱ የት ይታያል? ኮንግረሱ በ2019 መጨረሻ በበጀት ሕግ አስገድዶ ነው በ2020 የተመለሱት። በኦሃዮ ደግሞ ቶሌዶና ግሮቭ ሲቲ የተባሉ ከተሞች መደብሮች ከእንዲህ ያለ ማራቢያ ቡችላ አምጥተው እንዳይሸጡ ደንግገው ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በ2016 መጨረሻ ከተሞች እንዲህ ያለ ደንብ ማውጣት አይችሉም አለ። ያው ሕግ ስለ ስልክ አንቴናና ስለ ዝቅተኛ ደመወዝም የሚናገር ነበር፤ የውሻውን ጉዳይ ለብቻው አንሥቶ የሚከራከርበት ሰው እንዴት ይገኝ?

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ የባልደረቦችዎን ጥያቄ የምመልሰው በዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ግቢ ተጠራሁ። ባለቤቱ የጠራኝ ቡችሎች እየሞቱበት ነው። ቤቱ የዶሮ ቤት ነበር፤ ኩሱ ወደ ታች እንዲያልፍ ወለሉ በሽቦ የተሠራ። በውስጡ ሰባት ሴት ውሾች አሉ፤ ሁሉም «የውጭ ዘር» የሚባሉ ናቸው። መጀመሪያ የታየኝ እግራቸው ነው። ጣታቸው በሽቦው ቀዳዳ እየገባ መሐሉ ቆስሏል፤ ጥፍራቸው የሚፍቀው መሬት ስላላገኘ እንደ ማጭድ ታጥፏል። አንዷን ተሸክሜ አወጣሁና ግቢው ሣር ላይ አኖርኋት። አልተራመደችም። አንድ እግሯን አነሣች፣ መለሰች፣ ሌላውን አነሣች። ሣር ረግጣ አታውቅም። ሦስት ዓመቷ ነው፤ አራት ጊዜ ወልዳለች። ባለቤቱን ይህ እንዳይደገም ብለው «የሚከለክል ሕግ አለ?» አለኝ፤ በክፋት ሳይሆን በእውነት ለማወቅ ፈልጎ።

በ26 ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ቀን መልስ አጥሮኝ አያውቅም። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን እንስሳ ላይ ጭካኔ መፈጸምን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ይቀጣል። ስንት ጊዜ ትውለድ፣ ስንት ውሻ በአንድ ግቢ፣ ወለሉ ምን ይሁን የሚል ግን የለበትም። እነ ሚዙሪ የተፋቀባቸውን ቁጥር እኛ ገና አልጻፍነውም።

ለባልደረቦችዎ እንግዲህ እንዲህ ይበሏቸው። ገዢ ያጣ ቡችላ አይጠፋም፤ ሌሊት በማዳበሪያ ተደርጎ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ይጣላል። እኔ ራሴ አንሥቻለሁ። ያልተከተበው ያድጋል፣ ይናከሳል። የውሻ እብደት ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው ከሞት አያመልጥም፤ ሰውን ከሚይዘው ውስጥም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ የሚተላለፍ ነው፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የሰውና የውሻ ጉዳይ በአንድ ቁስል ላይ ይገናኛል። (የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ፤ ይህን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ።)

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፤ ፔዳ ግቢ የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ውጭ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን በቴሌግራም አንድ ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ገዛን። ቀብዱን በቴሌብር ላክን፤ ሻጩ መናኸሪያ በር ላይ በባጃጅ መጥቶ በካርቶን አስረከበን። ስድስት ሳምንቱ ነው ብሎናል። በአራተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረው፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው? ሌላ ብንገዛስ ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ አይዞሽ ልጄ። ያልሽው ሁሉ ፓርቮ የሚባለውን በሽታ ይመስላል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከሦስት እስከ ሰባት ባለው ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቡችላው ካርቶን ውስጥ ሲገባ ይዞት የነበረ መሆኑ አይቀርም። ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አታድርጉ።

ሌላ ቡችላ ግን አሁን አታምጡ። ይህ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ክፍሉን አጽድታችሁ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ወለሉን አርሱት፤ አሥር ደቂቃ ይቆይ። የተኛበትን ጨርቅ አቃጥሉት። የግቢውን አፈር ግን በረኪና አያድነውም፤ ክትባቱን ሙሉ በሙሉ ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ ግቢ አይግባ።

ምን እንጠይቅ ላልሽው፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ «እናቱን አሳዩኝ።» እንግሊዝ አገር ይህን ጥያቄ ሕግ አድርገውታል። ሉሲ የምትባል ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ውሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ዌልስ ውስጥ ካለ ማራቢያ ታድጋ ወጣች፤ ስትወልድ ነው የኖረችው፤ በ2016 ሞተች። በስሟ የተጠራው ሕግ ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ይሠራል። ከስድስት ወር በታች የሆነን ቡችላ ነጋዴ ከአራቢ ተቀብሎ መሸጥ አይችልም፤ ገዢው ከተወለደበት ቦታ ሄዶ ከእናቱ ጋር ያየዋል። ደላላው ከመሐል ወጣ ማለት ነው። ስድስት ወር የሚለው ቁጥር በሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ከላይ ለመምህሩ የጻፍኩትን ካነበብሽ ይህ ለምን እንደሚያስደስተኝ ይገባሻል።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም ባጃጅ አለ፤ እናቱ ያለችበት ድረስ ሂጂ። ስትደርሺ ቡችላውን ከማየትሽ በፊት የእናቲቱን መዳፍ እይ። ቆስሏል? ጥፍሯ ረዝሞ ታጥፏል? የቆመችበት ወለል ምንድን ነው? ሰው ሲቀርባት ምን ታደርጋለች? ከዚያ የቡችላውን አፍ ክፈቺ፤ ስምንት ሳምንት የሞላው ቡችላ 28ቱንም የወተት ጥርሶች አብቅሎ ይገኛል። ስድስት ሳምንት ነው ብሎ የሰጣችሁ ሰው፣ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከእናቱ ያለ ጊዜው ነጥሎታል። የክትባት ካርድ ሲያሳዩሽ ማኅተም ብቻ አትዪ፤ የክትባቱ ጠርሙስ ላይ ያለው ወረቀት ተለጥፎ፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ አብሮ መኖር አለበት። «እናቱ ሩቅ ናት»፣ «ገጠር ናት»፣ «ትናከሳለች» ካለሽ ቀብድ አትላኪ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ዘጌ ኡራ አካባቢ የምኖር፣ ቡና ያለኝ የአምሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ። የወንድሜ ልጅ ባሕር ዳር ንግድ ጀምሯል። አሁን ደግሞ አሥራ ሁለት ሴት ውሾች አምጥቶ በግቢዬ ሊያራባ፣ ቡችሎቹን በጀልባ አውጥቶ ባሕር ዳር ሊሸጥ፣ ትርፉን ለሁለት ልንካፈል ይለኛል። ቦታ አለኝ፤ ገንዘቡም ያስፈልገኛል። ግን ልቤ አልፈቀደውም። አስቀይሜውም እንዳልለያይ እፈራለሁ። ምን ብዬ ልዋዋለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልብዎ ያልፈቀደው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ውሻ ማራባት ሁሉ ክፉ ነው አልልዎትም። ጥቂት ውሻ በሚገባ ይዞ ጤነኛ ቡችላ ለሰው የሚያደርስ ሰው አውቃለሁ፤ አከብረዋለሁም።

ሲዋዋሉ «በደንብ ልንይዛቸው» የሚል ቃል ላይ አይስማሙ። ልጁ በዚያ ቃል ቶሎ ይስማማል፤ ከዓመት በኋላ ግን የእሱ «በደንብ»ና የእርስዎ «በደንብ» አይገናኙም። ቁጥር ያስጽፉ። እኔ ብሆን አሥራ ሁለቱን ወደ ሦስት አወርዳቸዋለሁ። አንድ ሰው ቡና እየለቀመ፣ ቤት እየያዘ፣ ከሦስት በላይ ወላድ ውሻ ከነልጆቿ ሊያይ አይችልም። አንዲት ውሻ አንድ ጊዜ ስትወልድ ስድስት ሰባት ቡችላ ልትጥል ትችላለች፤ አሥራ ሁለቱ በአንድ ወቅት ቢወልዱ ግቢዎ ውስጥ ከእናቶቹ ጋር ከሰማንያ በላይ ነፍስ አለ ማለት ነው፤ ቀን ከሌት የሚጮኽ፣ የሚበላ፣ ክትባት የሚፈልግ። ጎረቤትዎ ደግሞ ገዳም ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላት አትጠቃ። ከዚያ በኋላ በ18 ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ አትውለድ፤ ሚዙሪዎች ያጸደቁትን ያንኑ ቁጥር ነው የምሰጥዎ፣ ከእነሱ የወጣው እርስዎ ጋ ይግባ። ስድስት ዓመት ሲሞላት ታቁም። ካቆመች በኋላ የት ትሄዳለች የሚለውን አሁኑኑ ይጻፉት፤ አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ መውለድ ያቆመችው ውሻ ናት ሌሊት በጀልባ ተወስዳ የትም የምትጣለው። እርስዎ ጋ ትቀራለች ወይም በስም የታወቀ ሰው ይወስዳታል፤ ከሁለቱ አንዱ ይጻፍ።

ወለሉ አፈር ወይም ሲሚንቶ ይሁን፤ ጭድ ይነጠፍበት፣ ጭዱ በየሳምንቱ ይቀየር። ሽቦ ለአጥር እንጂ ለወለል አይሁን። ቀን ቀን ቡናው ጥላ ሥር ይፈቱ፤ ዘጌን ያህል ጥላ የታደለ ቦታ ላይ ውሻ ዘግቶ መያዝ ነውር ነው። ሁሉም የእብደት ክትባት በየዓመቱ ይውሰዱ፤ ቡችሎቹም ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተቡ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የሚለይ ቡችላ አይኑር። ገዢ ደግሞ ቡችላው ባሕር ዳር እስኪመጣለት አይጠብቅ፤ በጀልባ ተሳፍሮ እርስዎ ድረስ ይምጣ፣ እናቲቱን ይይ፣ ቡናም ይጠጣ። የዚያችን የፔዳ ተማሪ ደብዳቤ ያነበበ ሰው ይህን መንገድ አይከብደውም።

አንድ ደብተር ይግዙ። የእያንዳንዷ ስም በላይ፣ ከሥሩ የተጠቃችበት ቀን፣ የወለደችበት ቀን፣ ስንት እንደወለደች፣ ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ ለማን እንደሄደ። ደብተሩ እርስዎ ጋ ይቀመጥ እንጂ ለወንድምዎ ልጅ አይስጡት። በላይ የነገርኳችሁ አሜሪካኖች ሕጉ ሳይሻር ሪፖርቱ ሲሰወርባቸው ምን እንደደረሰባቸው አይተዋል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ እሺ ካለ ወደ ዘጌ ስመጣ ቦታውን አየዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹንም ራሴ እከትብልዎታለሁ። «በሦስት ውሻ አያዋጣም፣ አሥራ ሁለት ካልሆነ» ካለዎት፣ ቡናዎን አፍልተው ያጠጡት፣ መርቀው ይሸኙት፤ ግቢዎን ግን አይስጡት።